ዓመታት ያለፉትን ዕዳ ዳግም ከማንሳት በፊት

ከብዙ ዓመት በፊት ያበደረውን ገንዘብ ዛሬ ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ገንዘቡ ይመለሳል የተባለበትን ቀን ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ፣ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር፣ የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ደንግጓል፤ ጊዜው የሚቆጠረው ግን ውሉ ከተፈረመበት ሳይሆን ዕዳውን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተፈረመ የ40,000 ብር ብድር መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እንዲመለስ የሚል ከሆነ፣ ይርጋው የሚሞላው በ2016 ሳይሆን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው ቆጠራውን ያቋረጠ ነገር መኖሩ ነው። ተበዳሪው በሰኔ 2014 ዓ.ም. 5,000 ብር ከፍሎ ከነበረ ዕዳውን እንዳመነ ስለሚቆጠር በቁጥር 1851 እና 1852 መሠረት ጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ያ ክፍያ የተፈጸመበት የባንክ ወረቀት ከዋናው ውል ያልተናነሰ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለና ተበዳሪው ፈቃደኛ ከሆነ፣ «ከተበደርኩት 40,000 ብር ውስጥ 35,000 ብር ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ» ብሎ ቀኑን ጽፎ እንዲፈርም ማድረግ ነው። በቃል ብቻ «አልካድኩም እኮ» ማለቱ አያስተማምንም፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም።

ሽምግልናን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው አባባል ለገንዘብ ጥያቄ አይሠራም፤ ሽማግሌዎቹ ለፋሲካ፣ ከፋሲካም ለመስከረም ሲቀጥሩ ይርጋው አብሯቸው አይቀመጥም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ባለዕዳው ዕዳውን አምኖ ቢፈርምበት ግን ሽምግልናው ራሱ ለአበዳሪው መጠበቂያ ይሆናል። አበዳሪው በዝምድና ወይም ለባለዕዳው የበታች በመሆኑ ምክንያት በጊዜው ሳይጠይቅ ቀርቶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በቁጥር 1853 መሠረት የይርጋ መቃወሚያውን ሊያልፈው ይችላል። ይህ ግን በዳኛው ግምት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል አይገባም።

ጥያቄው ከውል የመነጨ ካልሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት በመርሕ ደረጃ 2 ዓመት ነው፤ ያለአግባብ ውርስ በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ክስ ደግሞ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በተቃራኒው ወገን የቆመና ያረጀ ክስ የደረሰው ሰው በመልሱ ላይ ስለ ይርጋ ካልጻፈ ዳኛው አያስታውሰውም፤ ቁጥር 1856 ፍርድ ቤት በራሱ አነሳሽነት ይርጋን እንዳያነሳ ይከለክላል። መቃወሚያው በመጀመሪያው አጋጣሚ መቅረብ አለበት። አንዳንዶች «ዕዳውን በይርጋ ማምለጥ ነውር ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን ደረሰኙን ከ10 ዓመት በላይ አስቀምጥ ተብሎ የሚገደድ ሰው ሊኖር ይገባል ብዬ አላምንም።

አስቀድሞ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 መሠረት እንደገና ክስ ሊመሠረትበት አይችልም፤ በር የሚከፈተው በቁጥር 6 የዳግም ዳኝነት አቤቱታ ብቻ ነው። ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክርነት ወይም በጉቦ ላይ ተመሥርቶ እንደነበር በኋላ የደረሰበት ሰው፣ ቀድሞ በትጋት ፈልጎ ሊያውቀው የማይችለው እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ አቤቱታውንም ነገሩን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ1 ወር ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት።