የቀደመውን ሃውስ ምት በ16 ስቴፕ መሥራት፦ ከ808 እና ከ909 አሠራር ተነሥቶ

የሃውስ (የቺካጎ የዳንስ ሙዚቃ) ምት ለመሥራት የ909 ድራም ማሽንን ሳምፕሎች (የተቀዱ ድምፆች) ጭናችሁ፣ ኪኩን (ትልቁን ከበሮ) በየምቱ ደርድራችሁ፣ ክላፑንም (ጭብጨባውን) ጨምራችሁ የሚወጣው ነገር አሁንም ደረቅ ከሆነ ሌላ ሳምፕል ፍለጋ አትሂዱ። የጎደለው ማሽኑ በስቴፖቹ (ባሩ በሚከፈልባቸው 16 እኩል ክፍሎች) መካከል ይሠራው የነበረው ሥራ ነው፦ የትኛው ምት ጎልቶ፣ የትኛው ደብዝዞ፣ የትኛው ደግሞ በሌላው ተቆርጦ እንደሚሰማ።

ሮላንድ ኩባንያ ቲአር-808 የተባለውን ድራም ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980፣ ቲአር-909ን በ1983 አወጣ። እውነተኛ ድራም ስለማይመስሉ ገበያው ብዙም አልወደዳቸውም፤ ምርታቸው ቆሞ ያገለገሉት በርካሽ ሲሸጡ ግን የቺካጎና የዲትሮይት ወጣቶች ሃውስንና ቴክኖን ሠሩባቸው። 808 ድምፁን ሁሉ የሚያወጣው በአናሎግ ሰርኪዩት ነው። የ909 ኪክ፣ ስኔር (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሽ ከበሮ)፣ ቶምና ክላፕ አናሎግ ሲሆኑ፣ ሃይ-ሃት (ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ የሚመታ ጥንድ ሲምባል) እና ሲምባሎቹ ባለ 6 ቢት ሳምፕል ናቸው። የ909 ሃይ-ሃት ሻካራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ልታለሰልሱት አትሞክሩ፣ ከ400 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይበቃል።

ቴምፖውን (ፍጥነቱን) በደቂቃ 120 ምት ላይ አድርጉ። አንድ ባር (አራት ምት) 16 ስቴፕ፣ አንዱ ስቴፕ 125 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ከዚያ እንዲህ ሙሉት፦

ኪክ፦ 1፣ 5፣ 9፣ 13
ክላፕ፦ 5፣ 13
ክፍት ሃይ-ሃት፦ 3፣ 7፣ 11፣ 15
ዝግ ሃይ-ሃት፦ የቀሩት 12 ስቴፖች
ሪምሾት (የከበሮ ጠርዝ ምት)፦ 4፣ 7፣ 10፣ 16

አሁን ዋናው ሥራ ሃይ-ሃቱ ላይ ነው። በ909 ክፍቱና ዝጉ የሚወጡት በአንድ መስመር ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሊሰሙ አይችሉም፤ ዝጉ ሲመታ ክፍቱ ይቆረጣል። ሶፍትዌር ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ሳምፕሎች ስለሆኑ ይደራረባሉ፣ ላይኛው ድምፅም ሳይቋረጥ እንደ ፉጨት ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቾክ ግሩፕ (አንዱ ሲመታ ሌላው የሚቋረጥበት ምድብ) ውስጥ አስገቧቸው። ከዚህ በኋላ የክፍቱን ርዝመት የሚወስነው ከሱ ቀጥሎ ያለው ዝግ ምት ነው። በላይኛው አደራደር በ3 የተመታው በ4 ይቆረጣል፣ ማለትም 125 ሚሊሰከንድ ብቻ ይቆያል። ረዘም እንዲል ከፈለጋችሁ የዲኬዩን (ድምፁ ለመጥፋት የሚወስደውን ጊዜ) ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት በ4፣ 8፣ 12 እና 16 ያሉትን ዝግ ምቶች አጥፏቸው፤ እስከ ቀጣዩ ኪክ ድረስ 250 ሚሊሰከንድ ያገኛል። የ16ኛውን ብቻ ብታጠፉ ደግሞ የባሩ መጨረሻ ብቻውን ይከፈታል፣ ወደ ቀጣዩ ባር የሚገፋ ስሜት ይሰጣል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ቀጥሎ ቬሎሲቲ (የእያንዳንዱ ምት ጉልበት)። ክፍቱን 110፣ በኪኩ ላይ የሚወድቁትን ዝጎች (1፣ 5፣ 9፣ 13) 60፣ 2፣ 6፣ 10 እና 14ን 40፣ 4፣ 8 እና 12ን 85 አድርጓቸው (16ኛው ጠፍቷል)። ቁጥሩን ቀይራችሁ ምንም ለውጥ ካልሰማችሁ ሳምፕል ማጫወቻው ቬሎሲቲን ከድምፅ መጠን ጋር አላገናኘውም ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ይህን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። የ808 አክሰንት (ማጉያ) ደግሞ የራሱ ረድፍ አለው፦ አንድ ስቴፕ ላይ ሲቀመጥ በዚያ ስቴፕ የሚመቱ ድምፆች ሁሉ አንድ ላይ ይጎላሉ። ይህን ለመምሰል በ7ኛው ስቴፕ ክፍት ሃይ-ሃቱንና ሪምሾቱን አብራችሁ 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርጉ። ጊዜን በዘፈቀደ የሚያዛባውን «ሂዩማናይዝ» ግን አትንኩት። የእነዚህ ማሽኖች ምት ሰዓቱን የጠበቀ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው የጉልበቱ ልዩነት ነው።

ስዊንግ (አንዳንድ ስቴፖችን የሚያዘገይ ቁልፍ) በ808 ላይ የለም፣ በ909 ላይ አለ። የሚያዘገየው ጥንድ ቁጥር ያላቸውን ስቴፖች ብቻ ነው። ስለዚህ ኪክ፣ ክላፕና ክፍት ሃይ-ሃት ብቻ ደርድራችሁ የስዊንጉን ቁልፍ ብታዞሩ ምንም አይሰማም፤ ሦስቱም ጎዶሎ ስቴፕ ላይ ናቸው። ዝግ ሃይ-ሃቱና ሪምሾቱ የገቡት ለዚህም ጭምር ነው። 58 በመቶ ላይ 2ኛው ስቴፕ በ125 ፈንታ በ145 ሚሊሰከንድ ይመታል። 4ኛውም እንዲሁ 20 ሚሊሰከንድ ስለሚዘገይ በ3 የተከፈተው ሃይ-ሃት በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ምቱ ሰፋ ያለ የሚመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከ54 ጀምሩ፤ 66 አካባቢ ሲደርስ ወደ ትሪፕሌት (ምቱን ሦስት ቦታ የሚከፍል አካሄድ) ይለወጣል። ልኬቱን ግን አጣሩ፦ አንዳንዱ ሶፍትዌር ቀጥታውን 50 ሲለው ሌላው 0 ይለዋል፣ ስለዚህ «50» በአንዱ ምንም፣ በሌላው ብዙ ነው። ቤዙንም በዚያው ስዊንግ አስኪዱት፤ አለዚያ ከሪምሾቱ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰማል።

ኪኩ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ነው። በ120 ከኪክ እስከ ኪክ 500 ሚሊሰከንድ አለ። ቤዙ በመሐል ከገባ ኪኩ በ250 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ረጅሙ የ808 ኪክ የሚሆነው ቤዝ በሌለበት ወይም ራሱ ቤዝ ሆኖ ሲያገለግል ነው። የ808 ኪክ 50 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ ከጂ ኖታ (49 ኸርዝ) ጋር ይቀራረባል፤ ዘፈኑ በሌላ ቃና ከሆነ ሳምፕሉን በጆሮ አስተካክሉት። ማጫወቻውን በአንድ ቮይስ ብቻ (በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ እያወጣ) እንዲሠራ አድርጉ፣ አለዚያ የፊተኛው ጭራ ከኋለኛው ጋር ተደምሮ አንዱ ምት ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል። በአንድ ቮይስ ሲሠራ «ቲክ» የሚል ድምፅ ከተሰማ 3 ሚሊሰከንድ ፌድ (ቀስ ብሎ መደብዘዣ) ጨምሩ።

ክላፕ ከባዶ መሥራት ከባድ አይደለም። ነጭ ጫጫታን (እንደ «ሽሽ» የሚሰማ ድምፅ) 1000 ኸርዝ አካባቢ ባለ ባንድፓስ ፊልተር (በመሐል ያለውን ክልል ብቻ በሚያሳልፍ) አሳልፉ፤ በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሦስት አጫጭር ምት፣ ከዚያ 150 ሚሊሰከንድ ጭራ ያለው አራተኛ። ስኔር ከሥሩ ከደረባችሁ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት፤ አብረው ሲመቱ ከሳሱ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡ። የ808 ካውቤልም (የላም ደወል ድምፅ) ቀላል ነው፦ 540 እና 800 ኸርዝ አካባቢ ያሉ ሁለት ስኩዌር ኦሲሌተሮች (የሞገድ አመንጪዎች)፣ ባንድፓስና ፈጣን ዲኬይ። ሁለቱ በትክክል ከማንም ኖታ ጋር ስለማይገጥሙ ከዜማ ጋር ይጋጫል፤ አብራችሁ ጥቂት ሴሚቶን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጓቸው።

ለሚዛን መነሻ ኪኩ ከጣሪያው (ድምፁ ሳይሰበር ከሚደርስበት ከፍተኛ መጠን) 6 ዴሲቤል በታች፣ ክላፑ ከኪኩ 3፣ ክፍት ሃይ-ሃቱ ከኪኩ 8 ዴሲቤል ዝቅ ይበሉ። እውነተኛ ማሽን ከኮምፒውተር ጋር የምታያይዙ ከሆነ 808 ሚዲ (ኮምፒውተርና የሙዚቃ መሣሪያ የሚነጋገሩበት ገመድ) የለውም፣ የሚገባው በዲን ሲንክ (ፍጥነቱን ብቻ በሚያቀናጅ የቆየ ግንኙነት) ነው፤ በመሐል መቀየሪያ ሳጥን ያስፈልጋል። 909 ሁለቱንም አለው።

አንዱን ባር 64 ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ 32 ባር ያህል እያጫወታችሁ ወደ ኦዲዮ ቅዱት። በየ8 ባሩ አንድ ድምፅ አጥፉ ወይም አስገቡ፤ በመሐል የክፍት ሃይ-ሃቱን ዲኬይ በእጅ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ክላፑ ሲመለስ አሳጥሩት። የ16ኛውን ዝግ ምት ካላጠፋችሁ ቁልፉ ሲዞር ብዙም የሚሰማ ለውጥ የለም፤ ቾኩ ቀድሞ ይቆርጠዋል።