በፊዚካል ቴራፒ ላይሰንስ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ፣ ሀገር ቤት ሆስፒታል ሠርቶ፣ ከዚያ አሜሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የአሜሪካን ላይሰንስ እንዴት ላውጣ?» ብሎ ነው። ችግሩ እዚያው ጥያቄው ላይ ይጀምራል። የአሜሪካ ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም። የቨርጂኒያ አለ፣ የሜሪላንድ አለ፣ የቴክሳስ አለ። መንጃ ፈቃድ አንዱ ስቴት አውጥቶ ሌላው ስቴት መንዳት ይቻላል፣ ይኼኛው ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ላይሰንስ ሰጪ ቦርድ፣ የራሱ ክፍያና የራሱ አመል አለው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ስቴት ሳይመርጡ ማስረጃ ማስገምገም

ይኼኛው ኪስ የሚያራቁት ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ውጭ ሀገር የተማረ ሰው ትምህርቱ ከአሜሪካው ጋር የሚመጣጠን መሆኑን በገምጋሚ ድርጅት ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፍ ሲ ሲ ፒ ቲን ነው። ታዲያ ሰው ጓደኛው የሄደበትን መንገድ ሰምቶ ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ወራት ይጠብቃል፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የሚያመለክትበት ስቴት የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ሪፖርት ሆኖ ያገኘዋል። ግምገማ ሁሉ አንድ አይደለም። ለኢሚግሬሽን የሚያገለግለው ሌላ፣ ለስቴት ቦርድ ብቻ የሚያገለግለው ሌላ። መለኪያውም ብዙ ጊዜ በምረቃ ዓመት ይወሰናል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ የተመረቀ ሰው የሚለካበት መስፈርት ቀደም ብሎ ከተመረቀው ሰው የተለየ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስቴት ምረጡ፣ የቦርዱን ድረ ገጽ አንብቡ፣ ገና ያልገባችሁ ነገር ካለ ኢሜይል ላኩላቸው፣ ለመክፈል የባንክ ካርድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትራንስክሪፕት ብቻውንም አይበቃም። እያንዳንዱ ኮርስ ውስጥ ምን እንደተማራችሁ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠየቃል፣ ክሊኒካል ልምምዳችሁም ይቆጠራል። ገና ሀገር ቤት ያላችሁ ካላችሁ ይህን ሳትይዙ እንዳትወጡ። እዚህ ሆኖ በስልክ ሬጅስትራር ማስጨነቅ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል፤ ዘመድ ልኮ ማሯሯጥም ሁልጊዜ አይሆንም፣ ምክንያቱም ገምጋሚዎቹ ማስረጃው በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ።

«እኔ እኮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት» የምትለዋም እዚሁ ጋ ትገባለች። እውነት ነው፣ ግን ለኢሚግሬሽን የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ ሰርተፊኬት ላይ ከእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ የሚሆኑት በአሜሪካ፣ ከኩቤክ በቀር በካናዳ፣ በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የተማሩ ናቸው። እኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። ቶፍሉን በጊዜ ጀምሩት።

ብሔራዊውን ፈተና «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መግባት

ኤን ፒ ቲ ኢ የሚባለው ፈተና ለሁሉም ስቴት አንድ ነው፣ ውጤቱም ወደ ሌላ ስቴት ይተላለፋል። የሚሰጠው ነጥብ ከ200 እስከ 800 ሲሆን ማለፊያው 600 ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሙከራው ገደብ ያለው መሆኑን ነው። በ12 ወር ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ አይቻልም፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ 6 ጊዜ ብቻ። ስቴት ስለቀየራችሁ ቆጠራው እንደገና አይጀምርም። በጣም ዝቅተኛ ውጤት 2 ጊዜ ማምጣትም በሩን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሙከራ መለማመጃ አይደለችም።

ይህን ካለፉ በኋላ የስቴቱን የሕግ ፈተና የሚረሱም አሉ። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የራሳቸውን ሕግና ደንብ የሚመለከት ፈተና አላቸው። ከባድ አይደለም፣ ግን ሳይወስዱት ላይሰንስ የለም።

ላይሰንስ ሳይኖር በስሙ መጠራት

ይኼ በኛ ሰው ዘንድ በብዛት ይታያል። ሰውየው በሙያው አሥር ዓመት ሠርቷል፣ እጁም ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ፌስቡክ ላይ «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ቤታችሁ መጥቼ አክማለሁ» ብሎ ይለጥፋል። ስሙ ራሱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ካሊፎርኒያን ብታዩ «ፊዚካል ቴራፒስት» ብቻ ሳይሆን «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለውም ላይሰንስ ለሌለው ሰው ክልክል ነው። ሰፈር ውስጥ በወጌሻነት የታወቀ ሰውም ማስታወቂያው ላይ «ፊዚካል ቴራፒ» ብሎ የጻፈ ቀን ነገሩ ይቀየራል። ቅሬታ እስኪመጣ ማንም ላይናገር ይችላል፣ የመጣ ዕለት ግን ዋናውን ላይሰንስ ለማውጣት ያስገባችሁት ማመልከቻ ላይ ጥላ ይጥላል።

ክሊኒክ ውስጥ ኤይድ (ላይሰንስ የሌለው አጋዥ ሠራተኛ) ሆኖ መቀጠር ጥሩ መንገድ ነው፣ ቋንቋውንም አሠራሩንም ያስለምዳል። ነገር ግን አለቃችሁ «አንተማ ታውቃለህ» ብሎ ታካሚ እንድትመረምሩ ቢያዛችሁ እምቢ በሉ። ረዳት ቴራፒስቶች እንኳን፣ ላይሰንስ እያላቸው፣ የመጀመሪያ ምርመራ አያደርጉም፣ የሕክምና ዕቅዱንም አይቀይሩም።

ኮምፓክት ስላለ ሁሉም ቦታ ይሠራል ብሎ ማሰብ

ፒ ቲ (ፊዚካል ቴራፒ) ኮምፓክት ስቴቶች ተስማምተው ያቋቋሙት የጋራ ውል ነው፣ ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ ይሰጣል። ቨርጂኒያ የሚኖርና የቨርጂኒያ ላይሰንስ ያለው ሰው ሜሪላንድ ለመሥራት ሌላ ሙሉ ላይሰንስ ማውጣት ላያስፈልገው ይችላል። ግን ፈቃዱ በራሱ አይመጣም፣ ለያንዳንዱ ስቴት አመልክቶ ከፍሎ የሚገዛ ነው። የምትኖሩበት ስቴትም አባል መሆን አለበት። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ለዓመታት ከውጭ ቆይተዋል። የመኖሪያ ስቴታችሁ ላይሰንስ ሲያበቃ ደግሞ የተገዛው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

በቪዲዮ ማከምም ያው ነው። የሚቆጠረው ታካሚው ያለበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቁጭ ብላችሁ ዳላስ ያሉ እትዬን በስልክ ጉልበታቸውን ካሠራችኋቸው ቴክሳስ ውስጥ እንደሠራችሁ ነው።

ያለ ሪፈራል ማከም ይቻላል ሲባል ገደቡን አለማየት

ነብራስካ ይህን የፈቀደችው በ1957 ነው፤ ከ2015 ወዲህ በሁሉም 50 ስቴቶች ታካሚ ያለ ዶክተር ሪፈራል በሆነ መልኩ ቴራፒስት ጋ መሄድ ይችላል። «በሆነ መልኩ» የምትለዋ ናት ጣጣው። ሜሪላንድ ገደብ የላትም። ካሊፎርኒያ 45 ቀን ወይም 12 ቀጠሮ፣ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል፣ ከዚያ በኋላ ዶክተር አይቶ ዕቅዱን መፈረም አለበት። ኒው ዮርክ 30 ቀን ወይም 10 ቀጠሮ፣ ያውም ቴራፒስቱ 3 ዓመት የሠራ ከሆነ። ቴክሳስ በ2019 ባወጣችው ሕግ 10 የሥራ ቀን፣ ዶክትሬትና ተጨማሪ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላለው 15። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ የድሮውን ልማድ ይዞ ከሄደ ሳያውቀው ሕግ ይጥሳል።

ታካሚዎችም የምትሳሳቱበት አለ። ሕጉ መታከም ትችላላችሁ ማለቱ ኢንሹራንሱ ይከፍላል ማለት አይደለም። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ የሕክምና ዕቅዱ አሁንም በሐኪም በኩል ማለፍ አለበት፣ የግል ኢንሹራንሶችም አንዳንዶቹ ሪፈራል ይጠይቃሉ። ቢሉ ቤት ሳይመጣ ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሉ።

ኮርስ ስለወሰዱ መርፌ ማንሳት

ድራይ ኒድሊንግ (ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ እየሰኩ ማከም) ቅዳሜና እሁድ የሚያሠለጥን ሞልቷል። ሜሪላንድ 80 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፣ ግማሹ በእጅ የሚሠራ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለፊዚካል ቴራፒስት ጭራሽ አትፈቅድም። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ፈቃድ ግን አይደለም።

እድሳትን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

ቨርጂኒያም ካሊፎርኒያም በየ2 ዓመቱ 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይፈልጋሉ፤ ካሊፎርኒያ ከዚያ ውስጥ 2 ሰዓቱ ስለ ሕግና ሥነ ምግባር፣ 4 ሰዓቱ ስለ ሕይወት አድን ሕክምና እንዲሆን ታዛለች። የወሰዳችሁበትን ማስረጃ አስቀምጡ፣ ቦርዱ ድንገት ሊጠይቅ ይችላል። አፓርታማ ስትቀይሩም አዲሱን አድራሻ ወዲያው ለቦርዱ አስመዝግቡ፤ ማስታወሻው የድሮ ቤታችሁ ሄዶ ላይሰንሱ ቢያልፍባችሁ በዚያ መሀል ያከማችሁት ታካሚ ሁሉ ያለ ላይሰንስ እንደታከመ ነው የሚቆጠረው።