የሉዊ ደ ፉኔስን ፊልሞች ስታዩ ሊያሳስቷችሁ የሚችሉ ነገሮች

ቁመቱ 1 ሜትር ከ64 ነው። መላጣ ነው። ፊቱም ለፊልም ኮከብነት የሚሆን አይመስልም። ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1983 ድረስ የፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶችን ከሞሉት ኮሜዲያኖች ከሉዊ ደ ፉኔስ የሚስተካከል ጥቂት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ከፊልሞቹ የተቆረጡ አጫጭር ቪዲዮዎች ኢንተርኔት ላይ ይዘዋወራሉ። ሰው አንዷን ያይና «ይሄ ዝም ብሎ የሚጮህ ሰውዬ» ብሎ ያልፋል። ያሳዝናል። አዲስ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ስለ ፊልም የሚጽፉ ሰዎችም ሲሳሳቱ የማያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

ከ1964 መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ደ ፉኔስ የጀንዳርም (የፈረንሳይ ወታደራዊ ፖሊስ) ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የተወለደ ይመስለዋል። «የሳን ትሮፔው ጀንዳርም» በሴፕቴምበር 1964 ወጣ። ሁለት ወር ቆይቶ «ፋንቶማስ» ተከተለ። ከዚያ በኋላ እሱን የማያውቅ ፈረንሳዊ ጠፋ። ስለዚህ ድንገት ብቅ ያለ ሰው ተደርጎ ይወራል። ያኔ ግን ዕድሜው 50 ነበር።

የተወለደው በ1914 ፓሪስ ጥግ ባለችው ኩርቡቯ ነው። ወላጆቹ ከስፔን የመጡ ናቸው። የፀጉራም ቆዳ ልብስ ሥራ እንዲማር ተላከ፤ ተባረረ። ያገኘውን ሁሉ ሲሞክር ከረመ። በጦርነቱ ዓመታት ፒጋል በሚባለው የፓሪስ ሰፈር ባሮች ውስጥ ሌሊት ሌሊት ፒያኖ እየተጫወተ ይኖር ነበር። ፊልም ላይ መጀመሪያ የታየው በ1945 ነው። ዳንኤል ዠላን የሚባል ተዋናይ ወዳጁ ያገኘለት ሥራ ሲሆን፣ የተሰጠው የበረኛ ቦታ ነው። በር ይከፍታል፣ አንድ ነገር ይናገራል፣ አለቀ። ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ለሃያ ዓመት ያህል ያልሆነው ነገር የለም። አስተናጋጅ፣ ፖሊስ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ መንገደኛ። ስሙ ከታች በትንሹ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። በሕይወቱ ከ130 በላይ ፊልሞች ላይ ታይቷል። አብዛኞቹ የእነዚህ ዓመታት ናቸው። እንጀራ ነውና ምረጥ አልተባለም።

ይህን ዘመን መዝለል ለምን ይጎዳል? ትንሽ ቦታ የተሰጠው ተዋናይ ዕድሉ ሁለት ደቂቃ ናት። ጽሑፉ ላይ ለእሱ የተጻፈ ቀልድ የለም። ስለዚህ ቀልዱን ከኮቱ፣ ከባርኔጣው፣ ከአረማመዱ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሲያወራ ከሚያሳየው ፊት ማውጣት አለበት። በኋላ ዝነኛ ያደረገው ነገር ሁሉ የተሠራው እዚህ ነው።

ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው በ1956 የወጣውን «ላ ትራቨርሴ ደ ፓሪ»ን ይመልከት። ዳይሬክተሩ ክሎድ ኦታን-ላራ ነው። ዘመኑ ጀርመኖች ፓሪስን የያዙበት ነው። ምግብ በራሽን ነው፣ ጥቁር ገበያው ደርቷል። ደ ፉኔስ ዣምቢዬ የሚባል ባለሱቅ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ በድብቅ አሳማ ያሳርዳል። ተዋናዮቹ ቡርቪልና ዣን ጋባን ሥጋውን በሻንጣ ይዘው በጨለማ ከተማዋን ሊያቋርጡ ነው። ጋባን ግን ዋጋው አነሰ ይልና የሰውዬውን ስም በሙሉ ድምፁ መጥራት ይጀምራል። «ዣምቢዬ!» ጎረቤት ከሰማ ጉድ ፈላ። ደ ፉኔስ ይንቀጠቀጣል፣ በንዴት ይጦፋል፣ ግን ድምፁን ማውጣት አይችልም። በሌሎች ፊልሞች በጩኸቱ የሚያስቅ ተዋናይ፣ እዚህ መጮህ ስላልቻለ ነው የሚያስቀው። ከጋባን ጋር ፊት ለፊት ቆሞ አልተዋጠም። ያን ጊዜ ገና «ያ ትንሹ ሰውዬ ማን ነበር?» የሚባል ተዋናይ ነው።

ሁሉን ነገር «ፊት ማጣመም» ብሎ መዝጋት

ይሄ ደግሞ የተማረው ሰው ስህተት ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሃያሲዎችም እንዲህ ነበር የሚሉት። ፊቱ ይጣመማል፣ እውነት ነው። ጥያቄው መቼና ለምን የሚለው ነው።

ደ ፉኔስ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እኛ አገር ስሙ አጎብዳጅ ይባላል። ከበላዩ ያለውን ሲያይ ወገቡ ይሰበራል፣ ፈገግታው ጆሮው ይደርሳል። ዞር ብሎ የበታቹን ሲያይ ደግሞ ነብር ይሆናል። በጀንዳርም ፊልሞች ክሩሾ የሚባለውን ሰው ሆኖ አለቃውን ዤርቤርን ይለማመጣል፣ ከሥሩ ያሉትን ያንቀጠቅጣል። በ1966 በወጣው «ለ ግራን ሬስቶራን» የምግብ ቤት ባለቤት ነው። አስተናጋጆቹን ለመሰለል ራሱን ለውጦ እንደ ደንበኛ ይቀመጣል። እውነተኛ ደንበኛ ሲመጣ ግን እጁን እያሻሸ ይሽቆጠቆጣል። የሚያስቀው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የሚገለባበጥበት ፍጥነት ነው። አንድ ግማሽ ሰከንድ አለች፣ ፊቱ ላይ ምንም የሌለባት። እሷን ጠብቁ።

ቀልዱ በአጋጣሚ የሚመጣም አልነበረም። «ኦስካር»ን እንውሰድ። መጀመሪያ የመድረክ ቴአትር ነበር። ደ ፉኔስ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ምሽቶች ተጫውቶታል። ተመልካቹ የሳቀበትን ያስረዝማል፣ ዝም ያለበትን ይቆርጣል። በ1967 ኤድዋር ሞሊናሮ ወደ ፊልም ሲያመጣው፣ አፍንጫውን ጎትቶ እያስረዘመ እንደ ቫዮሊን የሚጫወትባት የንዴት ትዕይንት አብራ መጣች። ስታዩዋት ሰውየው ያበደ ይመስላችኋል። በቀጥታ ተመልካች ፊት ተሞርዳ ያለቀች ነገር ናት። የቀድሞ የባር ፒያኒስት መሆኑም ይታወቃል፤ ሁሉም ነገር ምቱን ጠብቆ ነው የሚወድቀው። በ«ላ ግራንድ ቫድሩይ» የኦርኬስትራ መሪ ሆኖ የቤርልዮዝን ማርሽ ሲመራ እጁን ተመልከቱ። ለዚያች ትዕይንት በትጋት ተለማምዷል። የሚያሾፍ ሰው እጅ አይደለም።

ለብቻው ማየት

ከደ ፉኔስ ፊልሞች ደካሞቹ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ጠንካራ ሰው የሌለባቸው ናቸው። ይሄ የግሌ ፍርድ ነው፣ ተከራከሩኝ።

እሱ የሚጋጭበት ነገር ይፈልጋል። ቡርቪል ለዚህ የተፈጠረ ነበር፦ ቀስ ያለ፣ የዋህ፣ ነገር የማይገባው የሚመስል። ዳይሬክተሩ ዤራር ኡሪ ሁለቱን በ1965 «ለ ኮርኞ» ላይ አገናኛቸው። ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ትኬት ተሸጠ። በ1966 ደግሞ «ላ ግራንድ ቫድሩይ» መጣ። የኦፔራ መሪና ቀለም ቀቢ፣ አውሮፕላናቸው የተመታባቸውን የእንግሊዝ አብራሪዎች እየደበቁ ከጀርመኖች ይሸሻሉ። በፈረንሳይ ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠለት። ከፈረንሳይ ፊልሞች ይህን ቁጥር ያለፈ እስከ 2008 ድረስ አልነበረም።

ከዚህ ፊልም በፖስተር የምትታወቀው ምስል ደ ፉኔስ ቡርቪል ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚሄድባት ናት። ጽሑፉ ላይ አልነበረችም። ከግንብ ሲወርድ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ ይወርዳል ሲባል አልወረደም። ቡርቪልም ይዞት መንገዱን ቀጠለ። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ሁለቱም ሲሰማሙ ብቻ ነው። ቡርቪል በ1970 ሞተ። ኡሪ «ላ ፎሊ ዴ ግራንደር»ን ለሁለቱ ብሎ እያዘጋጀ ነበር። የአሽከሩን ቦታ ኢቭ ሞንታን ወሰደውና ገጸ ባሕርዩ እንደ አዲስ ተሠራ። ፊልሙ ጥሩ ነው። ግን ሞንታን ብልጥ ነው፣ ቡርቪል የዋህ ነበር። ልዩነቱ ይሰማችኋል።

አለቃውን ዤርቤርን የሚጫወተውን ሚሼል ጋላብሩንም አትርሱ፤ ያለ እሱ ክሩሾ ግማሽ ነው። ክሎድ ዣንሳክ ደግሞ በብዙ ፊልሞች ሚስቱን ሆና ስለተጫወተች እውነተኛ ሚስቱ የምትመስለው ሰው ብዙ ነበር። አይደለችም።

በ«ፋንቶማስ» ዋናው ሰው እሱ ነው ማለት

አልነበረም። ኮከቡ ዣን ማሬ ነበር፤ ጋዜጠኛውንም ወንጀለኛውንም የሚጫወተው እሱ ነው። ደ ፉኔስ ኮሚሽነር ዡቭን ሆኖ ከጎን ነው የገባው። ተመልካቹ ግን ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተው። ሦስቱን ፊልሞች (1964፣ 1965 እና 1967) በተራ ካያችሁ ሚዛኑ እንዴት ወደ እሱ እንዳዘነበለ በግልጽ ታያላችሁ። እኔ ሦስተኛው ላይ ማሬ ያሳዝነኛል።

«ራቢ ዣኮብ»ን ሳያዩ መፍረድ

ስለዚህ ፊልም አጭር ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው «በአይሁድ ላይ ማሾፍ ነው» ይላል። ሌላው «በዐረብ ላይ» ይላል። ታሪኩን ስሙ። ደ ፉኔስ የሚጫወተው ቪክቶር ፒቬር ሀብታም የፋብሪካ ባለቤት ነው። ከእሱ ዘርና ሃይማኖት ውጭ ያለውን ሁሉ የሚንቅ፣ መናቁንም የማያውቅ ሰው። ሾፌሩ ሰሎሞን አይሁዳዊ መሆኑን እንኳ የሚሰማው መንገድ ላይ ነው። አርብ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል መኪናዋ ሐይቅ ውስጥ ገብታለች። ሰሎሞን «ሰንበት ሊገባ ነው፣ አልሠራም» ይላል። ፒቬር ያባርረዋል። (እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይቺን ማንም ሳያስረዳችሁ ትስቁባታላችሁ።) ከዚያ ነገር ተበላሽቶ፣ ፒቬር ራሱ ጺም አድርጎ፣ ራቢ መስሎ፣ ከአንድ ዐረብ አብዮተኛ ጋር ለመሸሽ ይገደዳል። የሚሾፍበት ፒቬር ነው። ጭፈራዋም ብትሆን እንዲሁ የተዘለለች አይደለችም፤ ኢላን ዛዊ የሚባል የዳንስ ባለሙያ አዘጋጅቷታል።

ፊልሙ ፓሪስ ላይ የታየው ኦክቶበር 18 ቀን 1973 ነው። የኦክቶበሩ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ከጀመረ ገና 12 ቀኑ ነበር። በዚያ ሰሞን አይሁድና ዐረብን አንድ ላይ ያስሮጠ ኮሜዲ ማውጣት ቀልድ አልነበረም። ዛሬ የሚጎረብጡ ቦታዎች የሉትም ማለቴ አይደለም፤ አሉት። ከመፍረድ በፊት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታይ።

ከ1975 በኋላ ያለውን መጣል

በ1975 ማርች ላይ ልቡን ታመመ። ይጫወት የነበረው ቴአትር ተቋረጠ። ከኡሪ ጋር ያሰበው ትልቅ ፊልም ቀረ። ብዙዎች አበቃለት አሉ፤ ፊልም ሠሪዎችና ኢንሹራንሶችም ፈሩት። በ1976 በክሎድ ዚዲ «ኤል ኡ ላ ኩይስ» ተመለሰ። ሬስቶራንቶችን የሚመዝን መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ሆኖ፣ የፋብሪካ ምግብ ከሚያመርት ቱጃር ጋር ይጋጫል። ልጁን የሚጫወተው ኮሜዲያኑ ኮሉሽ ነው። ሐኪም ስለከለከለው እንደ ድሮው አይዘልም። ስለዚህ ቀልዱ ዓይኑና ጣቱ ላይ ወረደ። ወይን ጠጁን ሳይቀምስ እያየ ብቻ የሚለይባት ትዕይንት አለች። ለእኔ ከዘለላቸው ዝላዮች ሁሉ ትበልጣለች።

በ1980 ሲመኘው የኖረውን የሞልየርን «ስስታሙ» ከዣን ዢሮ ጋር አብሮ ዳይሬክት አደረገ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሲኒማ ሴዛር የሚባለውን ሽልማቱን በክብር ሸለመው፤ የሰጠው አሜሪካዊው ኮሜዲያን ጄሪ ሉዊስ ነው። ሲያጣጥሉት ለኖሩት ትንሽ ዘግይቷል። የመጨረሻው ፊልሙ በ1982 የወጣው ስድስተኛው ጀንዳርም ነው። ዢሮ ቀረጻው ሳያልቅ ሞተና ሌላ ሰው ጨረሰው። ደካማ ፊልም ነው፣ ብታልፉትም አልቀየማችሁም።

ሰውየውን ከገጸ ባሕርዩ ማምታታት

ቤቱ ሲሆን ዝምተኛና ዓይን አፋር ነበር ይባላል። ለ ሴልዬ በሚባለው መንደር ጽጌረዳ ይተክል ነበር። የሳን ትሮፔውን ጮሌ የጠበቀ ጋዜጠኛ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በትርጉም ድምፅ ማየት

የሌላ ሰው ድምፅ የተለጠፈበትን ቅጂ ተዉት። ማጉረምረሙ፣ ማንቋረሩ፣ ቃል ሳይሆን የሚቀረው ግማሽ ድምፁ የሥራው ግማሽ ነው። ፈረንሳይኛ ባትችሉም ከሥር የተጻፈውን እያነበባችሁ በራሱ ድምፅ ስሙት።

በተሳሳተው ፊልም መጀመር

«ላ ሱፕ ኦ ሹ»ን (የጎመን ሾርባ፣ 1981) መጀመሪያ የሚከፍት ሰው አለ። ሁለት ሽማግሌ ገበሬዎች በፈስ ድምፅ ከሌላ ዓለም እንግዳ ይጠራሉ። ለሚወደው ይጥማል፣ ለጀማሪ ግን አይሆንም። በ«ላ ግራንድ ቫድሩይ» ጀምሩ፤ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ያየዋል። ቀጥሎ ወደ 1956 ተመልሳችሁ የዣምቢዬን ምድር ቤት ግቡ። ከዚያ «ኦስካር»፣ ከዚያ «ራቢ ዣኮብ»። ከጀንዳርሞቹ የመጀመሪያው ይበቃል። ሽማግሌዎቹና የጎመን ሾርባቸው ለመጨረሻ ይቆዩ።