ኮከቡ ነው ወይስ ካሜራው? የጠፈር ቴሌስኮፕ ዳታ ችግርና መፍትሄ

መሬት ላይ ያለ መሣሪያ ሲጠረጠር ተፈትቶ ይታያል። ጠፈር ላይ ያለውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይነካውም፤ ምስክሩ ራሱ የላከው ዳታ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ምስል ብንደራርብም ግርግሩ አልቀንስ አለ

የመቶ ምስሎች አማካይ ሲወሰድ የዘፈቀደ መዋዠቁ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። ሃያኛው ምስል ላይ ደርሶ መቀነሱን ካቆመ ከሥሩ የማይዋዥቅ ነገር አለ፦ በትክክል ያልተቀነሰ የጨለማ ምስል (ብርሃን ሳይገባ የሚነሳና ከሌሎቹ የሚቀነስ ምስል)፣ የፒክስሎች መበላለጥ ወይም ከጎን ሾልኮ የገባ ብርሃን። ሌላ መቶ ምስል ማንሳት አይፈታውም፤ በተዛባ ሚዛን መቶ ጊዜ ቢመዝኑ ያው ነው።

ዳታውን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ሰማዩ በሁለቱም ውስጥ አንድ ስለሆነ ይጠፋል፤ ከዘፈቀደ መዋዠቅ በላይ የተረፈው የመሣሪያው ነው። አከፋፈሉን ግን ጥርጣሬያችሁ ይወስነው። ሙቀት ከጠረጠራችሁ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የተነሱትን ለዩ፤ አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ቴሌስኮፑ ከመዞሩ በፊትና በኋላ ያሉትን። ልዩነቱ ዜሮ ስለመጣ ብቻ መሣሪያውን ነጻ አታውጡት፤ ሁለቱንም ግማሽ እኩል ያበላሸ ስህተት ከሰማዩ ጋር አብሮ ተሰርዟል።

ምልክት፦ ኮከቦች ወደ አንድ አቅጣጫ ጅራት አወጡ

ጨረር የሲሲዲውን (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሮን የሚቀይረውን የካሜራ ቺፕ) ሲሊከን ይጎዳል። በየፒክስሉ የተጠራቀመው ቻርጅ በቺፑ ጠርዝ ወዳለው ማንበቢያ ሲጓዝ ኤሌክትሮኖች በጉዳቱ ውስጥ ይያዙና ዘግይተው ይለቀቃሉ። የጅራቱን ብርታት ከረድፍ ቁጥሩ ጋር በግራፍ አስቀምጡ፤ ከማንበቢያው በራቀ መጠን ከበረታ ጥፋተኛው ተገኘ። ኮከቡን ወደ ማንበቢያው ማስጠጋት ይረዳል።

ምልክት፦ የኮከቡ ብርሃን በየሰዓቱ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል

ግኝት ነው ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ስፒትዘር የተባለውን የናሳ የኢንፍራሬድ ጠፈር ቴሌስኮፕ አስታውሱ። የባትሪው ማሞቂያ በበራና በጠፋ ቁጥር ቴሌስኮፑ በጥቂቱ ይወዛወዝ ነበር። ኮከቡ ከአንድ ፒክስል ሳይወጣ ቦታ ይቀይራል፤ ፒክስሉ ደግሞ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ እኩል አያይም። ብርሃኑን ከጊዜ ጋር ሳይሆን ኮከቡ ፒክስሉ ላይ ካረፈበት ነጥብ ጋር ግራፍ አድርጉት። ነጥቦቹ አንድ መስመር ከያዙ መዋዠቁ የካሜራው ነው፤ በዚያው መስመር አካፍላችሁ አስተካክሉ።

ምልክት፦ ዜሮ መሆን ያለበት ዜሮ አልሆነም

ኩዌዛሮች (እጅግ ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ ማዕከሎች) በጣም ሩቅ ስለሆኑ ፓራላክሳቸው፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር የሚታየው የቦታ ለውጣቸው፣ ዜሮ ሊባል ይችላል። የኮከቦችን ቦታና ርቀት የለካው የአውሮፓ ጠፈር ቴሌስኮፕ ጋያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዳታ ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኩዌዛሮች በመካከለኛ ግምት ከዜሮ በታች 29 ማይክሮ አርክሰከንድ (እጅግ ትንሽ የአንግል መለኪያ) አሳዩ። ጋያ በአንድ ጊዜ በሚመለከታቸው ሁለት አቅጣጫዎች መካከል ያለው አንግል በሙቀት ሳቢያ መለዋወጡ እንዲህ ያለ ዝንፈት ያመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ኮከብ በዚያው በ29 በማረም ነው። ኩዌዛሮች ከምድር ሲታዩ ደብዛዛ ናቸው፤ ዝንፈቱ ደግሞ በድምቀት፣ በቀለምና በሰማይ ላይ ባለ ቦታ ይለያያል። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዳታ መካከለኛው ወደ 17 ወርዶ፣ ማረሚያውም እነዚህን የሚያገናዝብ ቀመር ሆኖ ቀረበ።

ምልክት፦ ሁለት ፈተናዎች አልተስማሙም

በጣም አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መፍትሄ የሚመስለው ደስ የማይለውን ውጤት መጣል ነው። የሃብል ጠፈር ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ሲፈተሽ ዋናው መለኪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊ ሜትር ከቦታው ተዛንፎ ነበር። መስታወቱም ጠርዙ ላይ 2.2 ማይክሮን ያህል ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሞረደ። ሌሎች መለኪያዎች ስህተቱን አሳይተው ነበር፤ ነገር ግን ከዋናው ያነሰ ትክክለኛነት አላቸው ተብሎ ታለፉ። ቴሌስኮፑ በ1990 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የደበዘዘ ምስል ላከ፤ ማስተካከያ የተገጠመለት በታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. ነው።

የጣላችሁትን ፈተና ሁሉ ከነምክንያቱ መዝግቡ። «ያ መለኪያ ሻካራ ነው» ማለት በቂ አይደለም፤ የታየው ልዩነት ሻካራነቱ ከሚፈቅደው በላይ መሆን አለመሆኑን በቁጥር አስሉና ከጎኑ ጻፉት።