ስለ ሴቶች የሚናገር የግድግዳ ሥዕል በጎንደር እንዴት ይሠራል?

በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ፣ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1730 ጀምሮ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር ያስተዳደሩት፣ ከጎንደር ከፍ ብሎ በሚታየው ኮረብታ ላይ የቁስቋምን ደብርና ቤተ መንግሥት ያሳነጹትም እሳቸው ናቸው። ለአማኝ በጸሎት መደፋት ክብር ነውና ሥዕሉን አልነቅፍም። ከእሱ ሌላ ግን ሴት በሥራዋ ላይ ሆና፣ ቀና ብላ የምትታይበት ሥዕል በየመንገዳችን እንዲኖር እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለውን ሥዕል ሠዓሊ ያልሆኑ ሰዎችም ተባብረው ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ በሥዕል የሠለጠነ ሰው፣ ከስድስት እስከ አሥር ሴቶች፣ አንድ ጥሩ ግድግዳና የሁለት ወር ያህል ትዕግሥት ይበቃል። ከሁሉም በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምን እንደሚሣል የሚወስኑትም፣ ብሩሹን የሚይዙትም ሴቶቹ ራሳቸው ይሁኑ።

መጀመሪያ ቡና አፍሉ

ንድፍ ይዛችሁ አትሂዱ። የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ፣ ነርስ፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የመጣች ሸክላ ሠሪ፣ ተማሪ፣ እንጨት ተሸካሚ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጡ። «ስለ ሴቶች ጥንካሬ ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በሬዲዮ የሰማችሁትን መልስ ትሰማላችሁ። ከዚህ ይልቅ «ባለፈው ዓመት ከሠራችሁት ሁሉ ማንም ያላየላችሁ የትኛውን ነው?» በሉ። አንድ ጊዜ ይህን ስንጠይቅ እንጀራ የምትሸጥ ሴት ሰው እንጀራውን እንጂ ጭሱን አያይም አለችን። ሥዕሉ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። ከምጣዱ የሚነሣው ጭስ ግድግዳውን ሞልቶ ከፍ እያለ ሲሄድ የልጆቿ ደብተር፣ የቤቷ ጣሪያ፣ የእቁብ ደብተሯ እየሆነ ይታያል።

የተጨበጠ እጅና የተበጠሰ ሰንሰለት በየፖስተሩ ስላየናቸው ይመጡባችኋል። በየትኛውም ከተማ ሊሣሉ የሚችሉ ስለሆኑ ስለ ጎንደር የሚናገሩት ነገር የለም፤ ተዉአቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ጽፎ በላዩ ላይ መሰረዝም አይጠቅምም። መንገደኛው የሚያነበው ተረቱን ነው፤ ስረዛውን አያስተውልም። ምንትዋብን ለመሣል ከወሰናችሁም አስቡበት፤ ስማቸው «ምን ያምር» እንደ ማለት ነውና ሠዓሊ ሁሉ ወደ መልካቸው ይሳባል። የቁስቋምን ሕንጻ ሲያሠሩ፣ ከግንበኞች መካከል ቆመው ሣሏቸው።

በሕይወት ያለች ሴት መልኳ የሚታወቅ ሆኖ የሚሣል ከሆነ ፈቃዷን በጽሑፍ ተቀበሉ። ንድፉን አሳዩአት፤ ሐሳቧን ከለወጠችም ያለ ክርክር አውጡት። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ታሪክ ስትሥሉ ደግሞ መልኳንም፣ ሰፈሯንም፣ ልብሷንም የሚጠቁም ምንም ነገር አታስገቡ።

ግድግዳውና ፈቃዱ

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተጠበቀ ቅርስ ላይ ቀለም መቀባት ቀርቶ ሚስማር መምታትም አይታሰብም። በፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንጻዎችም ብዙ ጊዜ የከተማው ገጽታ ክፍል ሆነው የሚጠበቁ ናቸውና የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሳትጠይቁ አትንኳቸው። አሮጌ የድንጋይና የኖራ ግንብ በቀለም ሲታፈን እርጥበቱን ማስወጣት ስለማይችል ራሱ ይጎዳል። የሚመቸው በሲሚንቶ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ነው፦ የትምህርት ቤት አጥር፣ የጤና ጣቢያ ግቢ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ጎን።

ከባለቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ ሥዕሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይም ይጻፍበት። ቀጥሎ ቀበሌውንና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስፈቅዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የሰጠውን እኩልነት በማመልከቻችሁ ላይ መጥቀስ ጉዳዩን ያስረዳል። የሰፈሩን ሽማግሌዎችና በአጠገቡ የሚነግዱትን ሰዎችም አነጋግሩ፤ ሥዕሉን በየቀኑ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ወቅቱን ጠብቁ

በጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል። እኛ አንድ ጊዜ ቸኩለን በግንቦት መጨረሻ ጀመርን፤ የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ከሰዓት ዝናብ በግድግዳው ላይ ወርዶ ሲፈስ ቆመን አየን። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል። ሥዕሉን ለየካቲት 29፣ ለዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን፣ ለማድረስ ከፈለጋችሁ በታኅሣሥ ቡናውን አፍሉ። በጥር 11 ጥምቀት ዋዜማና ሰሞን ግን መንገዱ በሰው ስለሚሞላ መወጣጫ አትትከሉ። ግድግዳው አዲስ የተለሰነ ከሆነ ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ፤ ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል።

ንድፉን ማሳደግ

ግድግዳችሁ 6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ንድፉን በ60 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሥሩ፤ በወረቀቱ ላይ ያለው 1 ሳንቲ ሜትር በግድግዳው ላይ 10 ይሆናል። ወረቀቱን በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ከፋፍሉ፤ ግድግዳውን ደግሞ በ50። በሁለቱም 72 ካሬዎች ይኖራሉ። እያንዳንዱን ካሬ ቁጥር ስጡት፤ ሥዕል ተምራ የማታውቅ ሴትም አንድ ካሬ ብቻ ተመልክታ በከሰል ማስተላለፍ ትችላለች። ቀጥ ያሉትን መስመሮች በቱንቢ አረጋግጡ፤ መሬቱን አትመኑ፤ ጎንደር ዳገት ናት።

ንድፉን ከማጽደቃችሁ በፊት ለተሣሉት ሴቶች አሳዩ። የሸክላ ሠሪዋን እጅ ቀጭንና ለስላሳ አድርጌ ሥዬ ነበር። እሷ ምንም ሳትናገር የራሷን እጅ ከወረቀቱ አጠገብ ዘረጋች። እጁን ደምስሼ እንደገና ሣልኩት፤ በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል አሁን እሱ ነው።

ጽሑፍ ካለው አጭር ይሁን። ከ20 ሜትር ርቀት እንዲነበብ ፊደሉ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያስፈልገዋል።

ግድግዳውን ማዘጋጀት

ይህ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ሥዕሉ የሚቆየውም የሚረግፈውም ግን እዚህ ላይ ነው። የለቀቀውን አሮጌ ቀለም በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ አንሡ። በሳሙና እጠቡ፤ ሻጋታውን በበረኪና ግደሉና በንጹሕ ውሃ ደግማችሁ እጠቡ። ስንጥቁን ለውጭ ግድግዳ በሚሆን ስቱኮ ድፈኑ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ፕሪመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው)፣ ቀጥሎ ሥዕሉ የሚያርፍበት መደብ። 18 ካሬ ሜትር ሁለት ጊዜ ሲቀባ 36 ይሆናል፤ አንድ ሊትር 8 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለመደቡ ብቻ ወደ 4.5 ሊትር ያስፈልጋል። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ከዚህ በላይ ያዙ።

ቀለሙ

ለውጭ ግድግዳ የተዘጋጀ፣ በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ግዙ። ዘይት ቀለም አብረቅራቂና ርካሽ መስሎ ቢታይም በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ከ2,100 ሜትር በላይ በምትገኘው ጎንደር ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ደማቅ ሮዝና ወይን ጠጅ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ከብረት ዝገት የሚሠሩት ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ግን ይጸናሉ። ይህ ለእኛ ጥሩ ዕድል ነው፤ በምንትዋብ ዘመን የደመቀው ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚቀየር መደብ ይወድ ነበር። እዚያው ጎንደር ባለው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ቀለሞቹን ልብ ብላችሁ እዩና ተመለሱ። በጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት አትቅዱ፤ ትልልቆቹን ዓይኖችና ጠንካራውን ጥቁር መስመር ግን ተማሩ።

ከላይ ወደ ታች፣ ከሰፊው ወደ ትንሹ ቀቡ። ለእያንዳንዱ ቀለምም ቁጥር ስጡና በየካሬው የቀለሙን ቁጥር በከሰል ጻፉ፤ ጥቁሩን መስመር የሠለጠነችው እጅ በመጨረሻ ትሥራው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት መሥራት ይመቻል፤ በቀትር ቀለሙ ከመሰራጨቱ በፊት ይደርቃል።

በመንገድ ላይ የሚሠሩ ሴቶች

ሴት መወጣጫ ላይ ስትወጣ አስተያየት የሚሰጥ አይጠፋም። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይሥራ። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ከግድግዳው ጋር ይታሰር፤ ሱሪ ለመልበስ የማትፈልግ ሴት የታችኛውን ክፍል ትያዝ፤ ውሃና ሽንት ቤት ቅርብ ይሁን፤ ልጆቹን የምትጠብቅ ሴት ተከፍሏት ትቀመጥ። ለሠሩትም የቀን ገቢያቸውን ክፈሉ። ጉልቷን ዘግታ የመጣችን ሴት ስለ ሴቶች መብት በነጻ ማሠራት አግባብ አይደለም፤ ገንዘብ ካነሰ ሥዕሉን አሳንሱት።

ሲጠናቀቅ ሁሉም ስማቸውን በራሳቸው እጅ ይጻፉ። ፊደል ያልቆጠረችውን በሳምንቱ ውስጥ ስሟን አስተምሯት፤ በወረቀት ላይ ትለማመድና ግድግዳው ላይ ራሷ ትጻፈው።

ከዚያ በኋላ

የታችኛውን አንድ ሜትር ውሃ በማያስገባ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ሸፍኑ፤ ክረምት ጭቃ የሚረጨው እዚያ ነው። የተረፈውን ቀለም በየቁጥሩ በጠርሙስ አሽጉና ከአንድ ብሩሽ ጋር ከግድግዳው አጠገብ ለምትኖረው ተሳታፊ ስጧት። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የለቀቀውን ፍቃ ትቀባዋለች።