የድሮ ስፒከር ማግኔት በካቻቢቴ አይለካም

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አንድ ልጅ ሁለት ያገለገሉ ስፒከሮች ሲያማርጥ አየሁት። ካቻቢቴ አወጣና ጀርባቸውን ነካ ነካ አደረገ። የአንደኛው ማግኔት ፌራይት ነው፣ ጥቁሩ የሴራሚክ ቀለበት፤ ካቻቢቴውን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ከባለ ቫልቭ ሬዲዮ የወጣው ግን ጭራሽ አልሳበውም። "አቦ፣ ይሄማ ሞቷል" ብሎ ጣለው። የጣለው አልኒኮ ነው፣ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ የሚሠራው የድሮ ማግኔት። ልቤ ቁርጥ አለ።

ይህን ነገር ማየት ሰልችቶኛል። የስፒከሩን ኮን፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣውን ፊቱን፣ የሚገፋው ከጀርባ የሚወጣው ጉልበት አይደለም። ቮይስ ኮይሉ፣ ከኮኑ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል፣ የሚገባባት ጠባብ ክፍተት አለች። ብዙ ጊዜ ስፋቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቁም ነገሩ እዚያ ውስጥ ያለው ጉልበት ነው። በድሮዎቹ ስፒከሮች አልኒኮው መሀል ይቀመጣል፣ ብረቱ ደግሞ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ጉልበቱ በብረቱ ዞሮ ወደ ክፍተቷ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። የፌራይት ቀለበት ግን ራሱ ውጭ ስለሆነ በጎንም በኋላም ያፈሳል። ካቻቢቴውን የያዘው ያ የባከነው ጉልበት ነው። ሮቶው ከሥሩ ስላፈሰሰ ቧንቧው በርትቷል ይባላል እንዴ?

በክብደት ማወዳደርም ከዚህ አይሻልም። ፌራይት በራሱ ደካማ ስለሆነ በሰፊው ይሠራል። ትንሽ አልኒኮ ትልቁን ፌራይት ልትስተካከል ትችላለች።

ማግኔቱን ፈትቶ ለብቻው መለካት ከሁሉም የከፋው ነው። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ ስጀምር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሬዲዮናቸውን አመጡልኝ። ሽቦ ብቻ ነበር የተበጠሰው። እኔ ግን ማግኔቱን ልየው ብዬ አወጣሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። አልኒኮ ብረቱ ሲለየው ራሱን ያዳክማል። ቢገጠምም ወደ ነበረበት አይመለስም፤ በማግኔታይዘር እንደገና መሞላት አለበት። "ልጄ፣ ድምፁ ምን ነካው?" አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሌላ ስፒከር ፈልጌ ገጠምኩላቸው፣ ግን የቀድሞው ድምፅ አልነበረም። እባካችሁ፣ የአልኒኮን ማግኔት አትፍቱ።

ማግኔት ሲደክም ባስ ይጠፋል የሚሉም አሉ። ድምፁ በጠቅላላው ይቀንሳል እንጂ ባሱማ ልጓም አጥቶ ይንዘፈዘፋል። አንዳንዱ "ባሱ ጨመረ" ብሎ ደስ ይለዋል። ባሱ በእውነት ከጠፋ መጀመሪያ የደረቀውን የኮን ጠርዝ እዩ።

ጋውስና ማክስዌልን አታምታቱ። ጋውስ ክፍተቷ ውስጥ ያለው የማግኔት ጉልበት ጥግግት ነው፣ ማክስዌል ደግሞ አጠቃላይ ድምሩ። 1 ቴስላ 10,000 ጋውስ ነው። አንዱ ላይ 1.2 ቴስላ፣ ሌላው ላይ 12,000 ጋውስ ቢጻፍ እኩል ናቸው።

የድሬን ሙቀትም አትርሱ። ፌራይት ሲሞቅ ጉልበቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። በ15 ዲግሪ ልዩነት 3 በመቶ ሄደ ማለት ነው። አልኒኮን ሙቀት የሚነካው የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አንዱን በጠዋት፣ ሌላውን በቀትር ለክታችሁ አታወዳድሩ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩ ብዙ ሬዲዮኖች ስፒከራቸው ቋሚ ማግኔት የለውም፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ትልቅ የሽቦ ጥቅል ነው። መብራት ከሌለ ማግኔትም የለም፣ ስለዚህ "ሞቷል" አትበሉ። መብራት ካለ ደግሞ ሽቦው ላይ መቶዎች ቮልት ሊኖር ይችላል። እጃችሁን አታስገቡ።

የጋውስ መለኪያ ያላችሁ ኮኑ ለጥገና ሲወጣ ብቻ ለኩ። ጫፉ ከክፍተቷ የቀጠነ ይሁን፣ ዙሪያውን አራት ቦታ እዩ።

መለኪያ ለሌለን ደግሞ ይህ አለ። ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጉ። ኮኑ ያለበትን ከፍታ በመርፌ ምልክት አድርጉ። በወርቅ ሠሪ ሚዛን የተመዘነ 50 ግራም ኮኑ መሀል ላይ አስቀምጡ፤ ዝቅ ይላል። ከዚያ ኮኑን ወደ ላይ በሚገፋው አቅጣጫ ዲሲ ከረንት ቀስ እያላችሁ ስጡ። መርፌዋ ጋ ሲመለስ አምፔሩን አንብቡ። ክብደቱን በኪሎ በ9.8 አባዙ፣ ለአምፔሩ አካፍሉ። 0.1 አምፔር ከሆነ 4.9 ይመጣል። ይህ የክፍተቷ ጉልበትና ውስጧ ያለው የሽቦ ርዝመት ብዜት ነው። ስለዚህ 4 ኦሙን ከ8 ኦሙ ጋር አታወዳድሩ።

ልጁ የጣለውን ስፒከር ገዛሁት። ያን ዕለት ማታ ለካሁት፣ 4.9 ሰጠኝ። ፌራይቱም እንደሱ 8 ኦም ነው። ልጁን ይዞት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንለካቸዋለን።