የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አስተዳደርን በአሶሺየት ዲግሪ እንዴት መማር ይቻላል?

በአሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ውስጥ በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። አረጋውያንን ማጠብ፣ መመገብና ማንቀሳቀስ የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ተቋም ማስተዳደር ለመማር ጥሩ መሠረት አለው። አንዱ መንገድ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጤና፣ ከንግድና ከማኅበራዊ ሳይንስ ኮርሶችን አጣምሮ የሚሰጠው የሁለት ዓመት አሶሺየት ዲግሪ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከመመዝገብዎ በፊት የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት የፈቃድ መስፈርት ያንብቡ። የነርሲንግ ሆም አስተዳዳሪ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መስፈርቱ ግን ይለያያል። ብዙዎቹ ባችለር ዲግሪ ሲጠይቁ፣ አንዳንዶቹ አሶሺየት ዲግሪን ከሥራ ልምድ ጋር ይቀበላሉ። ቀለል ያለ እገዛ ለሚሹ አረጋውያን የተቋቋሙትን አሲስትድ ሊቪንግ ቤቶች ለመምራት የሚጠየቀው ትምህርት ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ከኮሌጁ የትምህርት አማካሪ ጋር ተቀምጠው ዲግሪው የሚጠይቀውን 60 ያህል ክሬዲት ያቅዱ። ወደ ባችለር ዲግሪ የሚሸጋገሩት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በኢትዮጵያ የተማሩት ትምህርት ካለም ማስረጃዎን አስገምግመው ያቅርቡ።

ሦስተኛውና ከባዱ ሥራ የኮርስ ምርጫ ነው። እንዲህ ያለው ዲግሪ ሰፊ ነፃነት ስለሚሰጥ፣ ያለ ዕቅድ የሚመርጥ ተማሪ እርስ በርስ የማይያያዙ ኮርሶችን ሰብስቦ ሊጨርስ ይችላል። የእርጅና ጥናት፣ የሕክምና ቃላት፣ የሠራተኛ አስተዳደርና የጤና ሕግ አስፈላጊዎች ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ከጤና ዘርፍ የሚመጡ ተማሪዎች የሚሸሹት የሂሳብ አያያዝ ፈጽሞ ሊቀር አይገባም። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን፣ መስፈርቱን ያሟላ ታካሚ በነርሲንግ ሆም የሚያገኘውን የሕክምና እንክብካቤ የሚሸፍነው ቢበዛ ለ100 ቀናት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ታካሚው በየቀኑ ድርሻውን ያዋጣል። ለዓመታት የሚቆዩትን፣ ገቢያቸውና ንብረታቸው አነስተኛ የሆነ ነዋሪዎች ወጪ በዋናነት የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። የተቋሙ ገቢ ከየት እንደሚመጣ በዚህ መልኩ ያልተረዳ አስተዳዳሪ በሌሊት ፈረቃ ስንት ሠራተኛ መመደብ እንደሚችል በትክክል ሊወስን አይችልም፤ የሠራተኛ እጥረት ደግሞ በቀጥታ የሚጎዳው አልጋ ላይ ያለውን ሰው ነው።

በሕግ ኮርሱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ በጥልቀት ያጥኑ። ሕጉ ነዋሪዎች በክብር እንዲያዙ፣ ለሠራተኛው ምቾት ሲባል ከአልጋ ወይም ከወንበር ጋር እንዳይታሰሩ እና ተቋማቱ ሳይነገራቸው እንዲፈተሹ ያዛል።

በመጨረሻም የተግባር ልምምድ ያመቻቹ። አሁን የሚሠሩበት ተቋም አስተዳዳሪ በጠዋት ስብሰባና በእንክብካቤ ዕቅድ ውይይት ላይ እንዲያሳትፉዎት በአክብሮት ይጠይቁ፤ የወጥ ቤቱንና የልብስ ማጠቢያውን አሠራርም ይመልከቱ። ለፈቃድ የሚጠየቀው የሠልጣኝ አስተዳዳሪነት ልምምድ ከአገር አቀፉ ፈተና ጋር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ የሰዓቱ መጠን እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ለፈቃድ ሲያመለክቱ ፈቃድ ሰጪው የክፍለ ግዛቱ ቦርድ የተማሩትን ይዘት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረው ያስቀምጡ።